ከተረታ ክርክር የተገኘ መሪ ውሳኔ

የ1951 የስደተኞች ስምምነት ለጥገኝነት የሚያበቁ አምስት ምክንያቶችን ይዘረዝራል፤ እነርሱም ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የተለየ ማኅበራዊ ክፍል አባልነትና የፖለቲካ አመለካከት ናቸው። ጾታ ከእነዚህ መካከል አልተጠቀሰም። በሴትነቷ ምክንያት ጥቃት የሚያሰጋት ሴት በየትኛው ምክንያት ልትጠለል ትችላለች? ይህ ጥያቄ በአሜሪካ ጎልቶ የወጣው በአንዲት የቶጎ ወጣትና በአንዲት የሕግ ተማሪ ጉዳይ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፋውዚያ ካሲንጃ በዲሴምበር 1994 ኒዋርክ አውሮፕላን ጣቢያ ስትደርስ የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ከሞተ በኋላ ዘመዶቿ ሦስት ሚስቶች ላሉት ጎልማሳ ሊድሯት፣ እንደ ነገዷም ልማድ ሊያስገርዟት በመቁረጣቸው ከአገሯ ሸሽታለች። የያዘችው ፓስፖርት የራሷ አለመሆኑን ገልጻ ጥገኝነት ብትጠይቅም፣ የተወሰደችው ወደ እስር ቤት ነበር።

ጉዳዩ የተሰጠው በአንድ የጠበቃ ቢሮ ትሠራ ለነበረችው የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ፣ ለላይሊ ሚለር ባሽር ነበር። ተማሪዋ በኦገስት 1995 ፊላደልፊያ ችሎት ቀርባ ተከራከረች፤ ዳኛው ግን የአመልካቿ ቃል እምነት አይጣልበትም በማለት ጥያቄውን ውድቅ አደረጉት። ሽንፈቱ ለተማሪዋ የሥራ ልምድ ሆኖ ሊያልፍ ይችል ነበር፤ ለታሳሪዋ ግን ወደ ሸሸችው ቢላዋ መመለስ ማለት ነበር።

ሚለር ባሽር መዝገቡን ዘግታ አልሄደችም። ይግባኙ የበለጠ ልምድ እንደሚጠይቅ ተረድታ በዩኒቨርሲቲዋ የሰብዓዊ መብት የሕግ አገልግሎት የነበሩትን ካረን ሙሳሎን ለመነች፤ እርሳቸውም ክርክሩን ያለ ክፍያ ተረከቡ። ጉዳዩ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ከወጣ በኋላ ካሲንጃ በኤፕሪል 1996፣ ከ16 ወራት እስራት በኋላ ተለቀቀች። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድም ጁን 13 ቀን 1996 በ11 ድምፅ ለ1 ጥገኝነት ፈቀደላት።

ቦርዱ ማኅበራዊ ክፍሉን የተረጎመው በጠባቡ ነው፦ ያልተገረዙና ግርዛትን የሚቃወሙ የነገዱ ወጣት ሴቶች በማለት። ሴትነት ብቻውን ይበቃል አላለም። ሆኖም ውሳኔው በመላ አገሪቱ ያሉ የኢሚግሬሽን ዳኞችን የሚያስገድድ በመሆኑ ለሌሎች ሴቶች በር ከፍቷል። የሴት ልጅ ግርዛት በኢትዮጵያም በ2004 በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 እና 566 መሠረት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆኗል።

ሚለር ባሽር ከካሲንጃ ጋር ስለ ጉዳዩ ከተዘጋጀው መጽሐፍ የደረሳትን ገንዘብ በ1997 ጣሂሪህ የተባለውን የፍትሕ ማዕከል ለማቋቋም አዋለችው። ማዕከሉ ለስደተኛ ሴቶች ነጻ የሕግ አገልግሎት የሚሰጠው በበጎ ፈቃድ በሚቆሙ ጠበቆች ጭምር ነው።

ውሳኔው ዛሬም የሚጠቀሰው «ካሲንጋ» በሚል ስም ነው፤ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ስሟን አሳስቶ በመመዝገቡ። ደንበኛን በወጉ ማድመጥ የሙያው የመጀመሪያ ግዴታ መሆኑን ይህች የተሳሳተች ፊደል ለባልደረቦች ሁሉ ታስታውሳለች።