የቅድመ መደበኛ መምህራን ሙያ ማሻሻያ (ጎጃም)

የቅድመ መደበኛ መምህራን ሙያ ማሻሻያ ከመጀመሪያ ሥልጠና በኋላ በሥራ ላይ የሚሰጥ ተከታታይ ትምህርትና ድጋፍ ነው። በጎጃም ቀደምቱ ሥርዓት የቄስ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በየኔታ ሥር ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ፊደል እያስቆጠረ ማስተማርን ይለማመዳል፤ መደበኛ ሥልጠና ባይባልም አሠራሩ ከዛሬው የአማካሪ መምህር ድጋፍ ጋር ይቀራረባል። ዘመናዊው መሠረት በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ነው፤ ይህም ትምህርትን፣ ጤናንና የሴቶች ጉዳይን የሚመሩትን ሦስት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች አስተባብሯል። በአገር አቀፉ የመምህራን ሙያ ማሻሻያ መመሪያ አዲስ መምህር ለሁለት ዓመት በነባር መምህር ይታገዛል፤ ነባሩ ደግሞ በዓመት 60 ሰዓት የሙያ ማሻሻያ ይሠራል። ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ማዕከል ተሰባስበው ልምድ ይለዋወጣሉ፤ ሱፐርቫይዘርም ክፍል ገብቶ ይከታተላል። ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው የቅድመ መደበኛ ክፍል፣ የ‹ኦ› ክፍል፣ በአብዛኛው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይገኛል። በአካባቢው መምህራንን ከሚያሠለጥኑት አንዱ የደብረ ማርቆስ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነው።