በልዩ ቁጥጥር ሥር ያሉ መድኃኒቶች በኢትዮጵያ፤ ከዶክተር ሜራብ መድኃኒት ቤት እስከ ማንኩሳ ገጠር

በምዕራብ ጎጃም ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘውን ማንኩሳን የአማርኛ አንባቢ ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቃት በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የልብ ወለዱ በዛብህ የስለት ልጅ ነው፤ ወላጆቹ በሕፃንነቱ ታሞ ሳለ ቢድንላቸው ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት ተስለዋል። መድኃኒት ቤት ባልነበረበት አገር የደዌ መልስ ስለት፣ ጠበልና የባህል መድኃኒት ነበር። በተለይ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ጢሱን ማሽተት በብዙ የአገራችን ክፍል የተለመደ ነበር፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም።

ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ርካሽ፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድና በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊታደል የሚችል መድኃኒት ነው። የሚጥል በሽታን እንደሚከላከል እ.ኤ.አ. በ1912 ያስታወቀው ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ሐውፕትማን ነበር። ይሁን እንጂ ፌኖባርቢታል በመንግሥት ልዩ ቁጥጥር ሥር ካሉ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ስለሆነም የቁጥጥሩ ሕግ እንዴት እንደ መጣና ለማን እንደ ቆመ ለመመርመር ከዚህ መድኃኒት የተሻለ ምስክር አይገኝም።

የሕጉ አመጣጥ

በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ዘመናዊ መድኃኒት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1910 በጆርጂያዊው ዶክተር ሜራብ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት የመድኃኒት ንግድ እየሰፋ ሲሄድ ቀማሚውም ነጋዴውም በአብዛኛው የውጭ አገር ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤቱን ሲከፍት አገሪቱ የራሷን ባለሙያዎች ማፍራት ጀመረች። ከሦስት ዓመት በኋላም የፋርማሲ ደንብ በሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 288/1956 ወጣ። የባለሙያውን ምዝገባ፣ የመድኃኒትን ማምረት፣ ማከፋፈልና መሸጥ በአንድነት በሕግ ሥር ያዋለው ይህ ደንብ ነው። ያለ ሰለጠነ ባለሙያ የቁጥጥር ደንብ ባዶ ወረቀት በሆነ ነበርና የሁለቱ ተከታትሎ መምጣት ተገቢ ነበር።

በዚያው ዘመን ዓለም አቀፉ ሥርዓትም ተጠናከረ። እ.ኤ.አ. የ1961 የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት ሞርፊንንና መሰሎቹን የሚመለከት ሲሆን ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1965 ተቀብላዋለች። የ1971 የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ስምምነት ደግሞ ፌኖባርቢታልን ቁጥጥሩ ከሁሉ ከሚላላበት አራተኛው ሠንጠረዥ አስገባው፤ ኢትዮጵያም በ1980 ገባችበት። ሁለቱም ስምምነቶች በመግቢያቸው አንድ ቁም ነገር ይናገራሉ፤ እነዚህ መድኃኒቶች ለሕክምና የማይተኩ ናቸውና መንግሥታት አላግባብ እንዳይወሰዱ ሲከለክሉ ለሕመምተኛው መድረሳቸውንም ማረጋገጥ አለባቸው። ሕጉ ከመነሻው ሁለት እጅ ነበረው፤ አንዱ ይከለክላል፣ አንዱ ያደርሳል።

የሁለቱ እጆች አለመመጣጠን

በኢትዮጵያ የከልካዩ እጅ ቀድሞ በረታ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአደንዛዥ ዕፆች መነገድን ቀጣ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 525 ሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮችን ጨምሮ ቅጣቱን ዘረዘረ። በአዋጅ ቁጥር 176/1991 የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 661 ምግብን፣ መድኃኒትንና የጤና ክብካቤን በአንድ ተቆጣጣሪ ሥር አደረገ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ የዛሬውን የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሕጋዊ መሠረት አስያዘ። ልዩ የማዘዣ ወረቀት፣ ልዩ መዝገብና የተቆለፈ ሣጥን የመድኃኒት ቤት ሥራ መለያ የሆኑት በዚህ ሂደት ነው። ያለዚህ ጥብቅነት መድኃኒቱ ከመደርደሪያ ወደ ገበያ ይወጣ ነበርና ጥቅሙ የሚካድ አይደለም።

የአድራሹ እጅ ግን ዘገየ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር 60,820 ሕዝብ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ሥራ ከሺህ ሰው 5.2 የሚሆኑት የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አሳይተዋል። ከእነዚህ ሕሙማን ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ሐውፕትማን ግኝቱን ካስታወቀ ያኔ ሰባ ዓመት አልፎ ነበር።

ለዚህ ምክንያቱ የቁጥጥሩ ሕግ ብቻ አልነበረም፤ ሆኖም የባለሙያና የመድኃኒት ቤት ክፍፍሉ ድርሻ ነበረው። ችርቻሮው ፋርማሲ፣ የመድኃኒት መደብርና የገጠር መድኃኒት ቤት ተብሎ በሦስት ደረጃ ሲከፈል እያንዳንዱ የሚይዘው የመድኃኒት ዝርዝር በባለሙያው ሥልጠና ልክ ተወሰነ። አሠራሩ ለሕሙማን ደኅንነት የታሰበ ነው። ሆኖም ፋርማሲስቱ በከተማ ሲቀር ገጠሩ ባለሙያውም ዝርዝሩም ያነሰውን ደረጃ ይዞ ቀረ።

የማንኩሳ ሚዛን

ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ፣ ሕይወትንም ሊያሳጣ ይችላል። ከማንኩሳ ራቅ ካለ ቀበሌ በየወሩ በእግሩ እየመጣ መድኃኒት የሚወስድ ገበሬ ማዘዣው ተጓድሎ፣ ፈራሚው ባለሙያ ለሥራ ወጥቶ ወይም መድኃኒቱ ከመጋዘን ሳይመጣ ቢቀርበት ባዶ እጁን ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚወድቀው ምድጃ ዳር ወይም ወንዝ ዳር ሊሆን ይችላል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ግጭት መንገዶችን በዘጋ ጊዜም በየወሩ መድኃኒት መውሰድ ለሚገባው ሕመምተኛ አደጋው እጥፍ ነበር።

ማጠቃለያ

ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የተገነባው የቁጥጥር ሥርዓት አገሪቱን ከብዙ ጉዳት ጠብቋል፤ ሊላላም አይገባውም። ነገር ግን የተቆጣጣሪ ሥራ የሚመዘነው በተያዘው ሕገወጥ መድኃኒት ብዛት ብቻ ከሆነ ግማሹ ሕግ ተረስቷል ማለት ነው። መዝገቡ ከሣጥኑ የወጣችውን እያንዳንዷን ክኒን ይቆጥራል፤ ባዶ እጁን የተመለሰውን ሕመምተኛ ግን የሚቆጥርበት ዓምድ የለውም። ያ ዓምድ ሲጨመር ሁለቱ እጆች በአንድነት መሥራት ይጀምራሉ።