ከጉዛራ እስከ ጋፋት፦ ስም የለሹ ቀጥቃጭ

ከእንፍራንዝ ከተማ አጠገብ፣ ጣናን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ የቆመው የጉዛራ ግንብ የዓፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597 እ.ኤ.አ.) ሥራ እንደሆነ ይነገራል። ድንጋዩ የተፈለጠበትን ብረት የቀጠቀጠው ሰው ግን ስም የለውም። ለምን? የዚህች አጭር ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

የአገራችን ቀጥቃጭ ምድጃ ሲያዩት ቀላል፣ ሲሠሩበት ግን ጥበብ የሚጠይቅ ነው። መሬት ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ከሰል፣ ከቆዳ የተሰፋ ጥንድ ወናፍ፣ ነፋሱን ወደ እሳቱ የሚያደርስ የሸክላ ቱቦ፤ በቃ! ሁለቱ ወናፎች እየተፈራረቁ ስለሚነፉ ነፋሱ አይቋረጥም፤ ብረቱም ፍም መስሎ ለመዶሻ እስኪለሰልስ ይግላል። ዛሬ በጋዝ የሚሠራው ምድጃም ከዚህ ሕግ አይወጣም፤ ነዳጅ ያለ በቂ አየር ብረት አያለሰልስም። ማረሻውም፣ ማጭዱም፣ ጦሩም የተወለዱት ከዚህ ጉድጓድ ነው።

እንደሚታወቀው በጎንደርና በጣና ዙሪያ በዚህ ሙያ ጎልተው የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ርስት ቢከለከሉ በእጃቸው ጥበብ አደሩ። ገበሬው በእነርሱ ማረሻ እያረሰ «ቡዳ» ይላቸው ነበር።

ዓፄ ቴዎድሮስ መድፍ ባሻቸው ጊዜ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን የመሳሰሉ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንን አሠሩ። በ1867 እ.ኤ.አ. ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከቀለጠ ነሐስ ተሠራ፤ በመጋቢት 1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። በሚያዝያ ንጉሡ ራሳቸውን ሲሠዉ የጋፋትም ሕልም አብሮ አከተመ። በእርግጥ ብረት መቀጥቀጥና ነሐስ አቅልጦ መድፍ ማውጣት አንድ አይደለም። ሆኖም አዲሱ ጥበብ በንጉሥ ፈቃድ ላይ ብቻ ከሚንጠለጠል በየመንደሩ ከነበረው ወናፍ ጋር ቢጋባ ኖሮ፣ ከንጉሡ ጋር ባልተቀበረ ነበር ባይ ነኝ።

ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅም የርስቱን አጥር አፈረሰ። ስድቡ ግን ከአዋጆቹ ተርፎ ኖረ። ከ1977 እስከ 1983 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ የትውልድ ሙያቸውንም ይዘውት ሄዱ።

ተማሪዎቼ መሐንዲስ መባልን ይወዳሉ፤ «የቀጥቃጭ ልጅ» መባልን ግን ዛሬም እንደ ስድብ ይሰሙታል። ስለ ኢንዱስትሪ በየአዳራሹ የምንሰበሰብ ሁሉ ከዚህ ብንጀምር ይሻላል። ማሽን ከውጭ ይገዛል፤ ለሠሪው የሚገባውን ክብር ግን የሚሸጥልን አገር የለም።