የሐዋሳ ከተማ አመሠራረትና የዳርቻዋ ዕድገት

የቀድሞው የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ ይርጋለም ነበረች። በ1952 ዓ.ም. በራስ መንገሻ ሥዩም የእንደራሴነት ዘመን ሐዋሳ በሐይቁ ዳር ተቆረቆረች፤ የአስተዳደሩም መቀመጫ በኋላ ወደዚያው ተዛወረ። ይሁን እንጂ ታሪኳን ከዚህ ዓመት መጀመር ጎደሎ ይሆናል፤ ሥፍራው አስቀድሞ «አዳሬ» እየተባለ የሲዳማ ከብት አርቢዎች መሰማሪያ ነበርና። ጡረታ የወጡ ወታደሮች መሬት እየተሰጣቸው ሲሰፍሩ ግጦሹ ከባለከብቶቹ እጅ ወጣ። የዳርቻው ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ መገፋት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1976 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የከተማዪቱ ነዋሪ 36,169፣ በ1987 ዓ.ም. 69,169፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 157,139 ሆኖ ተመዘገበ። በዚሁ በ1999ኙ ቆጠራ የከተማ አስተዳደሩ ጠቅላላ ሕዝብ ግን 258,808 ነበር። ከመቶ ሺህ የሚበልጠው ልዩነት በአስተዳደር ከከተማው ጋር ተጠቃልሎ በገጠር ነዋሪነት የተቆጠረው፣ በቱላ ዙሪያ እንዳሉት ባሉ የገበሬ ቀበሌዎች የሚኖረው ሕዝብ ነው። ሁለቱን አኀዞች ያደባለቀ እቅድ አውጪ የመማሪያ ክፍሎችንም ሆነ የመምህራንን ስሌት ከመነሻው ያዛባዋል። ቆጠራው ከተካሄደ በኋላ፣ በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፤ ከገጠር የመጡ ወጣት ሠራተኞች፣ ይበልጡንም ሴቶች፣ የኪራይ ክፍል ፍለጋ ወደ ከተማዪቱ ይጎርፉ ጀመር።