ጉንፔ ዮኮይ (1941–1997)

ጉንፔ ዮኮይ በኪዮቶ ከተማ ተወልደው፣ በዚያው ተምረው፣ የሥራ ዘመናቸውንም ከሞላ ጎደል ሁሉ በዚያችው ከተማ በሚገኘው በኒንቴንዶ ኩባንያ ያሳለፉ ጃፓናዊ የመጫወቻና የቪዲዮ ጌም ፈጣሪ፣ ነዳፊና አዘጋጅ ነበሩ። ከ1965 እስከ 1996 ድረስ ባገለገሉባቸው 31 ዓመታት (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የፋብሪካ መኪና ጠባቂ ከመሆን ተነሥተው፣ በእጅ ተይዞ የሚዞረውን የጌም መሣሪያ ለዓለም ሕዝብ እስከ ማዳረስ ደርሰዋል። ጌም ኤንድ ዎች እና ጌም ቦይ የተባሉት መሣሪያዎች፣ በጌም መቆጣጠሪያዎች ላይ የተለመደው የመስቀል ቅርጽ ያለው ቁልፍ፣ እንደ ሜትሮይድ ያሉ ስመ ጥር ጨዋታዎችም የእጃቸው ሥራ ወይም የአመራራቸው ፍሬ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ለተከታዮቻቸው የተዉት ትምህርት ይልቃል፤ ይኸውም ሰውን የሚያስደስት ነገር ለመፍጠር የግድ አዲስና ውድ ጥበብ እንደማያስፈልግ፣ ሌላው ያረጀና የረከሰ ነው ብሎ የናቀውንም ማንም ወዳላሰበው አገልግሎት ማዞር ታላቅ ብልሃት መሆኑን በሥራ ያስመሰከሩበት ትምህርት ነው።

ልደት፣ ትምህርትና ወደ ሥራ መግባት

ዮኮይ የተወለዱት ሴፕቴምበር 10 ቀን 1941 ነው። በኪዮቶ ዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ተምረው ከፈጸሙ በኋላ፣ በ1965 በኒንቴንዶ ተቀጠሩ። ኩባንያው በ1889 በፉሳጂሮ ያማውቺ የተመሠረተ፣ ሐናፉዳ የሚባለውን በአበባና በዕፅዋት ሥዕል ያጌጠ የጃፓን ካርታ በማተም የታወቀ የቤተ ሰብ ድርጅት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በፕሬዚዳንትነት የሚመሩት ከ1949 ጀምሮ የአባቶቻቸውን ወንበር የወረሱት ሂሮሺ ያማውቺ ነበሩ። የአዲሱ ሠራተኛ ተግባርም ካርታ የሚያመርቱት መኪናዎች እንዳይቆሙ መጠበቅና ሲበላሹ ማደስ ብቻ ነበር።

ይህ ሥራ ፋታ የሚሰጥ ስለ ነበረ፣ ወጣቱ መሐንዲስ በትርፍ ጊዜያቸው፣ እጀታው ሲጨበጥ የተጠላለፉት ዘንጎቹ ወደ ፊት ተዘርግተው ዕቃ የሚይዙለትን አንድ መጫወቻ ክንድ ለገዛ ራሳቸው መዝናኛ ሠሩ፤ በዚህም ሲጫወቱ ፋብሪካውን ሊጎበኙ የመጡት ፕሬዚዳንት አዩአቸው። ዮኮይ ተግሣጽ ይደርስብኛል ብለው ሲጠብቁ፣ ያማውቺ ግን ያንኑ ዕቃ ለገበያ እንዲበቃ አድርገው እንዲያዘጋጁት አዘዟቸው። በ1966 ኡልትራ ሀንድ በሚል ስም የወጣው ይህ መጫወቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ዮኮይም ከዚያ ወዲህ ከመኪና ጥገና ወጥተው መጫወቻ እየፈለሰፉ የሚኖሩ ሰው ሆኑ።

የመጫወቻዎች ዘመን

ከኡልትራ ሀንድ ቀጥሎ በ1967 ኡልትራ ማሽን የተባለው፣ በቤት ውስጥ ኳስ እየወረወረ ለልጅ በበትር የሚያስመታው መጫወቻ ወጣ፤ በ1969 ደግሞ ላቭ ቴስተር የተባለው ታየ። ላቭ ቴስተር፣ ሁለት ሰዎች በአንድ እጃቸው እርስ በርስ ተያይዘው በሌላው እጃቸው ከመሣሪያው የወጡትን ሁለት ጫፎች ሲጨብጡ፣ በሰውነታቸው የሚያልፈውን ደካማ የኤሌክትሪክ ኀይል ለክቶ የፍቅራቸውን መጠን በመርፌ የሚያሳይ ነበር። በውስጡ ያለው ዕቃ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ የሚያውቀው ተራ ነገር ነው፤ የመሣሪያው ዋና ምሥጢር ግን ወንድና ሴት እጅ ለእጅ መያያዝ በሚያፍሩበት አገር ውስጥ ያለ ሐፍረት የሚያያይዛቸው ምክንያት በመስጠቱ ላይ ነበረ። ዮኮይ የጥበብን ረቂቅነት ትተው የሰውን ባሕርይ መመርመር ከዚህ ዘመን ጀምሮ ልማዳቸው ሆነ።

በ1970 የወጣው የብርሃን ጠመንጃም የዚሁ አስተሳሰብ ልጅ ነው። ከሻርፕ ኩባንያ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ጥቃቅን ሕዋሳትን ሊሸጡ ይመጡ የነበሩትና ኋላ ወደ ኒንቴንዶ የተዛወሩት ማሳዩኪ ኡኤሙራ ሸቀጡን ባሳዩአቸው ጊዜ፣ ዮኮይ ሕዋሱን በዒላማው ላይ አድርገው፣ ጥይት በሌለው ጠመንጃ በብርሃን ብቻ የሚተኮስበትን ጨዋታ አበጁ። በ1973 ይኸው ሐሳብ ሰፍቶ፣ ሰው እየተዋቸው ባዶ የቀሩትን የቦውሊንግ አዳራሾች ወደ ተኩስ መጫወቻነት ለወጣቸው፤ ሆኖም በዚያው ዓመት የነዳጅ ዘይት ችግር የጃፓንን ኢኮኖሚ ስለ መታው፣ የአዳራሾቹ ትእዛዝ ተሰርዞ ኩባንያው ከባድ ዕዳ ላይ ወደቀ።

ጌም ኤንድ ዎች

ዮኮይ በሺንካንሰን ፈጣን ባቡር ሲጓዙ፣ አንድ የሰለቸው መንገደኛ የኪስ ካልኩሌተሩን ቁልፎች ያለ ጉዳይ እየነካካ ጊዜውን ሲያሳልፍ አዩ፤ ከዚህም፣ ትልቅ ሰው በሰው ፊት ሳያፍር በመዳፉ ውስጥ ደብቆ የሚጫወትበት ትንሽ መሣሪያ ቢሠራ ፈላጊ አያጣም የሚል ሐሳብ አደረባቸው። የፕሬዚዳንቱ ሹፌር በቀረበት አንድ ቀን መኪናውን ራሳቸው እየነዱ ያማውቺን ወደ ስብሰባ ሲያደርሱ፣ ይህንኑ ሐሳብ በመንገድ ላይ አጫወቷቸው፤ ያማውቺም በስብሰባው ላይ ላገኟቸው ለሻርፕ ኩባንያ አለቃ ጉዳዩን አነሡላቸው። ዘመኑ የካልኩሌተር ሠሪዎች ብርቱ ፉክክር አድርገው ዋጋውን ያወረዱበት፣ የካልኩሌተር ስክሪንና ቺፕም ፈላጊ እስኪያጣ ድረስ የተትረፈረፈበት ዘመን ስለ ነበረ፣ ሐሳቡ ለሁለቱም ወገን በደኅና ጊዜ የመጣ ሆነ።

የመጀመሪያው ጌም ኤንድ ዎች፣ ኳስ እየወረወረ የሚቀልብ ሰው የሚታይበት ቦል የተባለው ጨዋታ፣ ኤፕሪል 28 ቀን 1980 ለሽያጭ ቀረበ። እያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ጨዋታ ብቻ የያዘ ሲሆን፣ ሳይጫወቱበት ሲቀሩ እንደ ሰዓት ያገለግል ነበር። በ11 ዓመታት ውስጥም ልዩ ልዩ ዐይነቱ በጠቅላላው ከ43 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ፣ ኒንቴንዶን ከዕዳ አውጥቶ ለኋለኛው ዕድገቱ ገንዘብ ያበጀለት ሆነ።

የመስቀሉ ቁልፍ

በ1982 ዶንኪ ኮንግ የተባለው ጨዋታ ወደ ጌም ኤንድ ዎች ሲዛወር አንድ ችግር ተነሣ። የአዳራሽ መጫወቻ መኪናዎች በቆመ ዘንግ የሚዘወሩ ናቸው፤ እንደ መጽሐፍ ለሚታጠፍ የኪስ መሣሪያ ግን ዘንግ አይመችም፤ ለየአቅጣጫው የተለየ ቁልፍ ቢደረግም ተጫዋቹ ዓይኑን ከስክሪኑ እያነሣ ጣቱን መመልከት ግድ ይሆንበታል። ዮኮይ አራቱን አቅጣጫዎች አንድ ወጥ በሆነ የመስቀል ቅርጽ ባለው ጠፍጣፋ ቁልፍ ላይ አዋሐዱአቸው፤ አውራ ጣት በመስቀሉ መካከል እንዳረፈ፣ ሳይታይ በመዳሰስ ብቻ የትኛውን ጫፍ እንደሚጫን ያውቃል። ቁልፉ በሚቀጥለው ዓመት በወጣው ፋሚኮም በተባለው የቤት መሣሪያ መቆጣጠሪያ ላይ ተተከለ፤ ከዚያ በኋላም ተፎካካሪዎች ሁሉ በየመልኩ ተከተሉት። በመጠኑ ታናሽ የሆነው ይህ ነገር፣ በብዙ መቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ እጆች ስለ ለመዱት፣ ከዮኮይ ሥራዎች ሁሉ ይልቅ የተስፋፋው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጨዋታ አዘጋጅነት

በ1981 ኒንቴንዶ በአሜሪካ ሳይሸጡ የቀሩበትን ራዳር ስኮፕ የተባሉ የአዳራሽ መኪናዎች ወደ ሌላ ጨዋታ ለመለወጥ ሲፈልግ፣ ሥራው ሺጌሩ ሚያሞቶ ለተባሉ፣ በ1977 በሠዓሊነት ለተቀጠሩ ወጣት ተሰጠ፤ ዮኮይም የወጣቱ የበላይ ተቆጣጣሪና መካሪ ሆነው ተመደቡ። ከዚህ ኅብረት የተገኘው ዶንኪ ኮንግ በመላው ዓለም ዝናን ያተረፈ ሲሆን፣ ሚያሞቶ ኋላ በጥበቡ ዓለም ከሁሉ የላቁ ነዳፊ ለመባል የበቁት በዚህ በር ገብተው ነው። በ1983 ሁለቱ ማሪዮ ብራዘርስን አብረው ሲነድፉ፣ ማሪዮ ከማንኛውም ከፍታ ቢወድቅ እንዳይጎዳ ይደረግ ያሉት ዮኮይ ናቸው፤ ሚያሞቶ በመጀመሪያ ቢያመነቱም ሐሳቡን ተቀበሉት፣ ከዚያ በኋላ የወጡት ብዙዎቹ የማሪዮ ጨዋታዎችም ይህንኑ ሥርዐት ተከትለዋል።

ዮኮይ የሚመሩት የምርምርና ልማት ቁጥር 1 ክፍል፣ ብዙ ጨዋታዎችን አዘጋጅቷል። በ1986 የወጣው ሜትሮይድ፣ ተጫዋቹ በአንድ መንገድ ወደ ፊት ብቻ ከመሄድ ይልቅ፣ አዲስ ኀይል ባገኘ ቁጥር ወደ ተዘጉት በሮች እየተመለሰ ሰፊ ዋሻ የሚመረምርበት ሲሆን፣ በጥሩር ተሸፍና የምትዋጋው ሳመስ ሴት መሆኗን በፍጻሜው ላይ ገልጦ ብዙዎችን አስደንቋል። ኪድ ኢካረስ በዚያው ዓመት፣ ሱፐር ማሪዮ ላንድ በ1989፣ ዶክተር ማሪዮና የመጀመሪያው ፋየር ኤምብለም በ1990 በእርሳቸው አዘጋጅነት ወጥተዋል። ዮኮይ በአዘጋጅነታቸው፣ ለወጣት ሠራተኞች ሐሳባቸውን እንዲፈጽሙ ሰፊ ነጻነት እየሰጡ፣ ራሳቸው ሥራው ሳይንዛዛ ጨዋታነቱን እንዲይዝ የሚጠብቁ አለቃ ነበሩ።

ጌም ቦይ

ኤፕሪል 21 ቀን 1989 በጃፓን የወጣው ጌም ቦይ የዮኮይ የሥራ ዘመን ከፍተኛው ደረጃ ነው። መሣሪያውን ከሳቶሩ ኦካዳና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት ሲሆን፣ ከጌም ኤንድ ዎች የሚለየው ካሴት እየተለወጠ ብዙ ጨዋታ የሚጫወቱበት በመሆኑ ነው። በጃፓን ዋጋው 12,500 የን ነበረ። ስክሪኑ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ አራት የጥላ ደረጃዎች ብቻ የሚያሳይ፣ የራሱም ብርሃን የሌለው ነበር፤ ስለዚህ ባለ ቀለም ስክሪን የያዙት የአታሪ ሊንክስና የሴጋ ጌም ጊር በወጡ ጊዜ፣ ኒንቴንዶ እንደሚሸነፍ የገመቱ ጥቂቶች አልነበሩም። ነገር ግን ጌም ጊር 6 የባትሪ ድንጋይ በ3 እስከ 5 ሰዓት ውስጥ ሲጨርስ፣ ጌም ቦይ በ4 የባትሪ ድንጋይ እስከ 15 ሰዓት ያህል ይሠራ ነበር፤ በዋጋውም በክብደቱም የቀለለ፣ ከልጅ እጅ ወድቆ የማይሰበር ጠንካራ ዕቃ ነበር። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት በፍንዳታ ተቃጥሎ ከላይ የቀለጠ፣ ሆኖም መሥራቱን ያላቆመ አንድ ጌም ቦይ በኒውዮርክ በሚገኘው የኩባንያው መደብር ለብዙ ዓመታት ለሕዝብ ታይቷል።

ዮኮይ ቀለሙን የተዉት ቴክኒኩ ስላልነበረ አልነበረም፤ ተጫዋች በጨዋታው ልቡ ከተመሰጠ የጎደለውን ቀለም አእምሮው እንደሚሞላው፣ ያለቀን የባትሪ ድንጋይ ግን አእምሮ ሊሞላው እንደማይችል ስለ ተረዱ ነው። ከመሣሪያው ጋር የቀረበው፣ ሁለት ጌም ቦዮችን የሚያገናኘው ገመድም የዚህ ማስተዋል ሌላ ገጽ ነበር። አሌክሴይ ፓጂትኖቭ በ1984 በሞስኮ የፈጠሩት ቴትሪስ በአሜሪካ ከመሣሪያው ጋር አብሮ በመሸጡ፣ ሕፃንም አዋቂም ጌም ቦይን ወደዱት፤ ሳቶሺ ታጂሪ ደግሞ በዚያ ገመድ ውስጥ ሕያዋን ፍጥረታት ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ሲሻገሩ በሐሳባቸው አይተው ፖኬሞንን ፀነሱ፤ ጨዋታው በ1996 ሲወጣ፣ ያረጀ መስሎ የነበረው መሣሪያ እንደ ገና ታደሰ። ጌም ቦይ ከባለ ቀለሙ ተከታዩ ጋር ተደምሮ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ቨርችዋል ቦይ

በ1995 የወጣው ቨርችዋል ቦይ ግን እንደ ታሰበው አልሆነም። በማቆሚያ ላይ ተቀምጦ ዓይን ወደ ውስጥ የሚመለከትበት ይህ መሣሪያ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ቀይ ሥዕል በማሳየት ጥልቀት ያለው ዓለም እንዲታይ ያደርጋል፤ ቀዩ ብርሃን ብቻ የተመረጠውም ርካሽና ኀይል ቆጣቢ በመሆኑ ነው። ሆኖም ለረጅም ጊዜ ሲያዩበት ዓይንን ያደክም፣ ራስንም ያሳምም ስለ ነበረ፣ ኩባንያውም ትኩረቱን ኒንቴንዶ 64 ወደ ተባለው የቤት መሣሪያ ስላዞረ፣ 770 ሺህ ያህል ብቻ ተሸጦ አንድ ዓመት ሳይሞላ ሽያጩ ቆመ። ለውድቀቱ ሌላ ምክንያት መጨመርም ይገባል። ከላቭ ቴስተር እስከ ጌም ቦይ ገመድ ድረስ የዮኮይ ሥራዎች ሰውን ከሰው የሚያቀራርቡ ሲሆኑ፣ ቨርችዋል ቦይ ተጫዋቹን ፊቱን ሸፍኖ ከባልንጀሮቹ የሚለይ፣ አጠገቡ ያለው ሰውም ምን እንደሚያይ ሊያውቅ የማይችልበት መሣሪያ ነበረ።

ከኒንቴንዶ መለየትና ዕረፍት

ዮኮይ ኦገስት 15 ቀን 1996 ኒንቴንዶን ተሰናበቱ። ብዙዎች ምክንያቱ የቨርችዋል ቦይ ውድቀት ነው ቢሉም፣ እርሳቸው ራሳቸው ዕድሜያቸው ከ50 ሲያልፍ በነጻነት ለመሥራት አስቀድመው ያሰቡ እንደ ነበሩ ገልጸዋል፤ ከመሄዳቸውም በፊት አነስ ያለውን ጌም ቦይ ፖኬት ለገበያ አብቅተዋል። ወዲያውም ኮቶ የተባለ የራሳቸውን ድርጅት በኪዮቶ አቋቁመው፣ ከባንዳይ ኩባንያ ጋር ዎንደርስዋን የተባለውን የእጅ መሣሪያ ማዘጋጀት ጀመሩ።

ኦክቶበር 4 ቀን 1997፣ በኢሺካዋ አውራጃ በሆኩሪኩ የመኪና መንገድ ላይ ቀላል ግጭት ደርሶ ከመኪና ወርደው ሳሉ፣ ሌላ መኪና ስለ ገጫቸው በ56 ዓመታቸው ዐረፉ። ዎንደርስዋን በማርች 1999 በ4,800 የን ዋጋ ወጣ፤ በአንድ የባትሪ ድንጋይ ብቻ ይሠራ ስለ ነበረም የዮኮይን መርሕ እስከ መጨረሻው የጠበቀ ነበር። አብሮት የቀረበው የእንቆቅልሽ ጨዋታም ለመታሰቢያቸው ጉንፔይ ተባለ። በ2003 የዓለም አቀፍ የጌም ሠሪዎች ማኅበር የዕድሜ ልክ አገልግሎት ሽልማት በስማቸው ሰጠ።

መርሕና ውርስ

የዮኮይ መርሕ ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው፣ ጠባዩ ተፈትኖ የታወቀ፣ ብዙ ስለ ተመረተም ዋጋው የወደቀ ቴክኒክ መምረጥ ነው፤ እንዲህ ያለው ቴክኒክ ብልሽቱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ አያሳስትም፣ ርካሽ ስለሆነም መጫወቻውን ለደኃው ልጅ ያደርሳል። ሁለተኛው፣ ያንን ቴክኒክ ከተፈጠረበት ዓላማ ወደ ጎን አውጥቶ በሌላ ቦታ መትከል ነው። ሁለቱ ካልተባበሩ ፍሬ የለም፤ ርካሽነት ብቻውን ተራ ዕቃን፣ አዲስ ሐሳብም ብቻውን ማንም የማይገዛውን ውድ ነገር ያስገኛልና። ከኒንቴንዶ በኋለኛው ዘመን የወጡት ዲኤስ እና ዊ የተባሉት የጌም መሣሪያዎች፣ በኀይል ከተፎካካሪዎቻቸው እያነሱ በብልሃታቸው የተወደዱት፣ የዚሁ ትምህርት ፍሬዎች ናቸው። በየዓመቱ የበለጠ ኀይል ያለው መኪና ሲወጣ ልቡ ለሚማረክ የዛሬ ጥበበኛም፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጫወተውን ሰው እንዲመረምር የሚያስተምረው የዮኮይ ሕይወት ታላቅ መምህር ሆኖ ይኖራል።