ውሻው ጥንቸሏን የያዘበት ሒሳብ

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ ፍጥነት፣ ስለ ርቀትና ስለ ጊዜ የሚቀርበውን ጥያቄ ከሌላው ሁሉ አብልጠን እንፈራለን። ቀመሩ አጭር ነው፤ ፍጥነት በጊዜ ሲባዛ ርቀት ይሆናል። የሚያስቸግረው ወሬውን ወደ ሒሳብ መመለሱ ነው። ይህም ችግር ከእኛ አልጀመረም።

የንጉሥ ሻርለማኝ መምህር የነበረውና በ804 እ.ኤ.አ. የሞተው እንግሊዛዊው አልኩዊን ለወጣቶች አእምሮ መሳያ አዘጋጀው በሚባለው መጽሐፍ እንዲህ የሚል ጥያቄ አለ። ጥንቸሏ ውሻውን 150 ጫማ ትቀድመዋለች፤ እርሷ 7 ጫማ ስትዘል እርሱ 9 ጫማ ይዘላል። መልሱም የ150ን እኩሌታ 75ን ውሰድ፤ ውሻው 675፣ ጥንቸሏ 525 ጫማ ሮጡ ይላል። መልሱ ልክ ነው፤ ነገር ግን እኩሌታው ለምን እንደሚወሰድ አይነግረንም። እንዲህ ያለ መምህር ዛሬም አይጠፋም!

በ820 እ.ኤ.አ. ገደማ በባግዳድ የነበረው ሊቅ አልኽዋሪዝሚ መጽሐፍ ጻፈ፤ አልጄብራ የሚለው ስም የተገኘው ከዚያ መጽሐፍ አርእስት ነው። ሊቁ ያልታወቀውን ቁጥር «ነገር» እያለ ሁሉን በቃላት ይገልጽ ነበር። በሁለቱ ወገን ያለውን ተመሳሳይ ማንሣትንም «ሙቃበላ» ይለዋል። በዚህ መንገድ የዝላዩን ብዛት ሀ ብንለው፣

9ሀ = 7ሀ + 150

ይሆናል። 7ሀ ከሁለቱም ወገን ሲነሣ 2ሀ = 150 ይቀራል። እንግዲህ የእኩሌታው ምስጢር ተገለጠ፤ ውሻው በያንዳንዱ ዝላይ 2 ጫማ ይቀርባታል። በእኛ አስተያየት ይህች መሥመር ከቀመሩ ትበልጣለች።

በመሥመሯ ውስጥ ያለውን የእኩልነት ምልክት ሮበርት ሬኮርድ ያወጣው በ1557 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዴካርት ያልታወቁትን ቁጥሮች በላቲን ፊደል መጨረሻዎች የሰየመው በ1637 ነው። ቀመሩም ቢሆን ከጥንት የመጣ አይደለም። ጋሊሊዮ በ1638 ስለ እንቅስቃሴ ሲጽፍ እንኳ ርቀትን ከርቀት፣ ጊዜን ከጊዜ ያመዛዝን ነበር እንጂ እንደ እኛ ርቀትን ለጊዜ አያካፍልም፤ የግሪኮች ሥርዓት የሚያመዛዝነው ዓይነቱ አንድ የሆነውን ብቻ ነበርና።

ቀመሩን ብቻ የሸመደደ ተማሪ በፈተና እንዴት እንደሚያዝ እንመልከት። መኪና 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት 60 እየነዳ ሄዶ በ40 ቢመለስ አማካዩ ስንት ነው? 50 ብሎ ይቸኩላል። መሄጃው 2 ሰዓት፣ መመለሻው 3 ሰዓት ይፈጃል፤ 240 ለ5 ሲካፈል 48 ነው።