ድል ካለው ሠርግ በፊት፦ የግሪክ ስደተኛ ሴቶች ታሪክ በአንድ ፊልም መነጽር

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



በሚያዝያ 2002 አንድ አነስተኛ የፍቅር ኮሜዲ በአሜሪካ 108 ሲኒማ ቤቶች ውስጥ መታየት ጀመረ። ስሙ «ማይ ቢግ ፋት ግሪክ ዌዲንግ» ይባላል፤ በእኛ አነጋገር «ድል ያለው የግሪክ ሠርጌ» እንደ ማለት ነው። የተሠራው በ5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ይህ በሆሊውድ ሚዛን እዚህ ግባ የሚባል ገንዘብ አይደለም። ይሁን እንጂ ያየው ላላየው እየነገረ፣ እናት ልጇን፣ ልጅ አክስቷን እየጎተተች፣ ፊልሙ ከወር ወር ተሻገረ። በመጨረሻም በሰሜን አሜሪካ ብቻ ከ240 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ በዓለም ዙሪያ ደግሞ ከ360 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በአንድም ሳምንት ግን የገበያውን አንደኛ ደረጃ ይዞ አያውቅም።

ታሪኩን የጻፈችውና ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ኒያ ቫርዳሎስ ናት። ካናዳ ውስጥ በዊኒፔግ ከተማ ከግሪክ ቤተሰብ ተወለደች። የቤተሰቧን ነገር በመጀመሪያ ያቀረበችው በሎስ አንጀለስ መድረክ ላይ ብቻዋን ቆማ ነበር። በእናቷ በኩል ግሪክ የሆነችው ተዋናይት ሪታ ዊልሰን ትርኢቱን አየችና ወደደችው፤ ከባሏ ከቶም ሃንክስ ጋር ሆነውም ወደ ፊልም እንዲለወጥ አደረጉ። የቫርዳሎስ የፊልም ጽሑፍም ለኦስካር ሽልማት ታጨ።

ፊልሙ ያስቃል። የመስታወት ማጽጃ ፈሳሽ ለብጉርም ለቁስልም መድኃኒት ነው ብሎ የሚያምን አባት፣ ቁጥራቸው የማያልቅ የአክስትና የአጎት ልጆች፣ ሥጋ አልበላም የሚል አማች ሲመጣ ግራ የሚገባት አክስት አሉበት። የዛሬው ጽሑፌ ግን ስለ ሳቁ አይደለም። ፊልሙ ውስጥ ነገሮች የተከተሉትን ቅደም ተከተልና ከዚያ ጀርባ ያለውን የሴቶች ታሪክ ላካፍላችሁ ነው።

መጀመሪያ ትምህርት፣ ቀጥሎ ሥራ

ቱላ ፖርቶካሎስ በቺካጎ የምትኖር የ30 ዓመት ሴት ናት። እስካሁን ስላላገባች በቤተሰቡ ዓይን ቆሞ ቀር ናት። ቀኑን ሙሉ በአባቷ ምግብ ቤት ታስተናግዳለች፤ የወደፊት ኑሮዋም ግሪክ አግብታ፣ ልጆች ወልዳ፣ ሰው ሲያበሉ መኖር እንደሆነ ተነግሯታል። ፍቅረኛዋ የሚሆነው ኢያን ሚለር የተባለው መምህር አንድ ቀን ወደ ምግብ ቤቱ ይመጣል። ይተያያሉ፤ ነገር ግን ምንም አይፈጠርም።

ከዚያ በኋላ ቱላ ኮሌጅ ገብታ ኮምፒዩተር ትማራለች። በተማረችውም በአክስቷ የጉዞ ወኪል ቢሮ ሥራ ትይዛለች። ኢያን በቢሮው መስኮት አይቷት ልቡ የሚሰረቀው ከዚህ በኋላ ነው። እሷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ስልክ እያነሣች፣ በሥራዋ እየተዝናናች አገኛት። ሰውየው ቀድሞም ያው ሰው ነበር፤ የተለወጠችው እሷ ናት።

ወደ ቢሮው የገባችበት መንገድም የሚያስተምር ነው። እናቷና አክስቷ አባትየውን ፊት ለፊት አልተጋፈጡትም። ችግሩን እያዋዙ አወሩለትና፣ ቱላ በአክስቷ ቢሮ ትሥራ የሚለውን ሐሳብ ራሱ እንዳፈለቀው አስመሰሉት። ተመልካቹ ይስቃል። ይሁን እንጂ ሦስት ሴቶች ለአንዲት ሴት ሥራ ለማስገኘት እንዲህ መላ መምታት ለምን አስፈለጋቸው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወደ ታሪክ መመለስ አለበት።

ወንዶቹ ቀድመው ሄዱ

ግሪኮች ወደ አሜሪካ በብዛት መሰደድ የጀመሩት በ1890ዎቹ ነው። በደቡብ ግሪክ የብዙ ገበሬ ኑሮ የተመሠረተው ለውጭ ገበያ በሚሸጥ ዘቢብ ላይ ነበር። በ1893 የዘቢብ ዋጋ ወደቀ፤ በዚያው ዓመት መንግሥትም ዕዳውን መክፈል አቅቶት ከሰረ። ከዚያ ጊዜ እስከ 1924 ድረስ ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። በባቡር ሐዲድ ሥራና በማዕድን ማውጫ ተቀጠሩ፤ ጫማ ጠረጉ፤ በጋሪ ፍራፍሬ ሸጡ። ጥሪት የቋጠሩት ከረሜላ ቤትና ምግብ ቤት ከፈቱ። በቺካጎ በሃልስቴድ ጎዳና ዙሪያ የራሳቸውን ሰፈር መሠረቱ።

የአገሩ ሰው በደስታ አልተቀበላቸውም። በየካቲት 1909 በነብራስካ ግዛት፣ በደቡብ ኦማሃ አንድ ግሪካዊ እንግሊዝኛ ከምታስተምረው አሜሪካዊት ጋር በመገኘቱ ፖሊስ ሊያስረው መጣ፤ በግርግሩም ፖሊሱ በጥይት ተገደለ። ከሁለት ቀን በኋላ በቁጣ የተነሣ ሕዝብ የግሪኮቹን ሰፈር አወደመ፤ ነዋሪዎቹም ከተማዋን ለቀው ተሰደዱ። በዚያ ዘመን ግሪክ ከአሜሪካዊት ጋር መታየቱ ለእስራት ሊያበቃው ይችል ነበር። በ1924 የወጣው የስደተኞች ሕግ ደግሞ ለግሪክ የፈቀደው ኮታ በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። በሩ በሰፊው የተከፈተው በ1965 ሕጉ ሲሻሻል ነው።

ስታገባ ዜግነቷን ያጣች ሙሽራ

በፊልሙ ውስጥ ከውጭ ወደ ግሪክ ቤተሰብ የሚገባው ወንዱ ነው። ኢያን ቱላን በቤተ ክርስቲያን ለማግባት ሲል በአየር በተሞላ የልጆች መዋኛ ውስጥ ተነክሮ ይጠመቃል። ይህ ከእውነተኛ ሕይወት የራቀ አይደለም፤ የቫርዳሎስ ባል የነበረው ተዋናይ ኢያን ጎሜዝም ከጋብቻው በፊት ኦርቶዶክስ ሆኗል። በሠርጉ ቀን ሙሽሮቹ በሪባን የተያያዙ አክሊሎች ይደፋሉ፤ የእኛን ተክሊል ለሚያውቅ ሰው ሥርዓቱ እንግዳ አይሆንበትም።

ፊልሙ በ1910 ቢሠራ ኖሮና ወደ ግሪክ ቤተሰብ የምትገባው ሴት ብትሆን ኖሮ ግን ነገሩ አያስቅም ነበር። በ1907 የወጣ ሕግ አሜሪካዊት ሴት የውጭ ዜጋ ካገባች የአሜሪካ ዜግነቷን ታጣለች ይል ነበር። የውጭ አገር ሴት ያገባ አሜሪካዊ ወንድ ግን የሚያጣው ነገር አልነበረም። ኢቴል ማኬንዚ የተባለች የካሊፎርኒያ ሴት ስኮትላንዳዊ ካገባች በኋላ ለመምረጥ ልትመዘገብ ሄደች፤ ተከለከለች። ክሷን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰችው፤ በ1915 ተፈረደባት። ሕጉ በአብዛኛው የተሻረው ሴቶች በመላ አገሪቱ የመምረጥ መብት ባገኙ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1922 ነው። የምርጫ ድምፅ ሲኖራቸው የጋብቻ ሕጉም መለወጥ ጀመረ።

የእህት ጥሎሽ በወንድም ትከሻ

በግሪኮች ዘንድም የሴቷ ሸክም ከባድ ነበር። በእኛ አገር ጥሎሽ ከወንዱ ወገን ለሙሽራዋ ይሰጣል። በግሪክ ግን «ፕሪካ» የሚባለው ንብረት ከሴቷ ቤተሰብ ለሙሽራው ይሄዳል። መሬት፣ ገንዘብ ወይም ቤት የሌላት ልጅ ባል ማግኘት ይቸግራታል። ብዙ ሴት ልጅ ያለው ድሀ አባት ዕዳ የተሸከመ ያህል ይሰማው ነበር፤ ወንድምም እህቶቹን ሳይድር ማግባት ነውር ነበር። አሜሪካ ከሄዱት ወጣቶች ብዙዎቹ የተሰደዱት ለእህቶቻቸው ፕሪካ ለማጠራቀም ነው። ዶላሩ በፖስታ እየተላከ በመንደር ያሉ እህቶችን ዳረ።

በአንጻሩ ጥቂት ያልሆኑ ልጃገረዶች ወደ አሜሪካ የተሻገሩት በፎቶግራፍ ተጭተው ነው። ፎቶ ተላልኮ ቤተሰብ ይስማማል፤ ልጅቱ ባሏን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታየው ከመርከብ ስትወርድ ነው። አሜሪካ ያለ ወንድ ያለ ፕሪካ ሊያገባ ፈቃደኛ ስለነበር፣ ለድሀ ልጅ ባሕር ማቋረጥ መፍትሔ ሆነላት። ከደረሰች በኋላ ግን በምግብ ቤቱ ከጓዳ እስከ ገንዘብ መቀበያው ትሠራለች፤ ደመወዝ አይታሰብላትም። ገቢው የቤተሰቡ ነው ይባላል፤ የሚያዝበት ግን አባወራው ነው። የቱላ አስተናጋጅነት ከዚህ የተወረሰ ነው።

ሴቶቹ ሲደራጁ

እኛን በቅርብ የሚነካን የታሪኩ ክፍል ይህ ነው። በ1922 የግሪክ ወንዶች የኩ ክለክስ ክላንን ጥላቻ ለመቋቋም በአትላንታ «አሄፓ» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። በ1929 ሴቶቹ በሳን ፍራንሲስኮ «የፔኔሎፔ ሴት ልጆች» የሚል ማኅበር መሠረቱ። ስሙን የወሰዱት ባሏን ስትጠብቅ በሽመናዋና በብልሃቷ ቤቷን ካቆመችው የጥንት ሴት ነው። በ1931 ደግሞ በሊቀ ጳጳስ አቴናጎራስ አነሣሽነት በየአጥቢያው የነበሩ የበጎ አድራጎት ሴቶች «ፊሎፕቶኮስ» በሚል ስም በአንድነት ተደራጁ። ትርጉሙ «የድሆች ወዳጅ» ማለት ነው። ጊዜው አሜሪካ በኢኮኖሚ ውድቀት የተመታችበት፣ ምግብ ቤቶች የሚዘጉበት፣ አባወራዎች ሥራ የሚፈቱበት ነበር። ሁለቱም ማኅበራት እስከ ዛሬ አሉ።

በዕድርና በዕቁብ ላደግን ሴቶች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሊታሰብበት የሚገባው ግን የእነዚህ ማኅበራት ትሩፋት ከዕርዳታው እንደሚያልፍ ነው። በቤቷ ገንዘብ እንድትይዝ ያልተፈቀደላት ሴት በማኅበሩ ውስጥ ሒሳብ ያዘች፤ ስብሰባ መራች፤ ቃለ ጉባኤ ጻፈች። የቱላ አክስት የራሷ ቢሮ ያላት ሴት ሆና ፊልሙ ላይ ስትታይ ማንም ያልደነቀው ከዚያ በፊት መንገዱን የጠረጉ ሴቶች ስለነበሩ ነው።

ራስና አንገት

በፊልሙ ውስጥ እናትየው ለልጇ የምትነግራት አንድ ቀልድ አለ፦ ባል የቤቱ ራስ ቢባልም፣ ራሱን ወደፈለገችው የምታዞረው አንገት ሚስት ናት የሚል ነው። ቀልዱ ያረጀ ብልሃት ነው። ባል የቤተሰብ ራስ መሆኑ ግን ቀልድ አልነበረም፤ በግሪክ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተጽፎ የኖረ ድንጋጌ ነው። የተሻረው በ1983 ነው። ያው ሕግ ፕሪካንም አስቀረ፤ ሴቶች ካገቡም በኋላ በአባታቸው ስም እንዲጠሩ ደነገገ።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ይል ነበር። ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው። በእሱም ባልና ሚስት በቤተሰቡ አመራር እኩል ሆኑ፤ የጋብቻ ዕድሜም ለሁለቱም 18 ዓመት ሆነ። ብዙዎቻችን የተዳርነው በአሮጌው ሕግ ነው፤ ልጆቻችን በአዲሱ ያገባሉ።

አንገት መሆን ብልሃት ነው፤ ግን ሁልጊዜ በሌላው ስሜት ላይ የተንጠለጠለ ነው። እናትየው አባትየውን ለማሳመን ዘዴ አስፈልጓታል። ቱላ ግን ሥራ ከያዘች በኋላ ኢያንን ለማግባት የፈለገችው ለአባቷ በግልጽ የተነገረው ጉዳይ ሆነ፤ አባትየው ተቆጣ፣ አኮረፈ፣ በመጨረሻም ተቀበለ። ለሠርግ ስጦታ ቤት ገዛላቸው፤ ቤቱ ግን ከወላጆቿ ቤት አጠገብ ነው! የራሷ ገቢ ያላት ልጅ ቤተሰቧን አላጣችም።

በውጭ አገር ያላችሁ አባሎቻችን ልጆቻችሁ የሌላ አገር ሰው ይዘው ሲመጡ ምን እንደምትሉ ትጨነቃላችሁ። በአገር ቤት ያለን ደግሞ ሴት ልጅ ቶሎ ትዳር ትያዝ በሚል ግፊት መካከል እንኖራለን። ከግሪክ እህቶቻችን ታሪክ የምንወስደው መልስ አንድ ይመስለኛል፦ ማንን ታገባለች ከሚለው ጥያቄ በፊት በምን ትተዳደራለች የሚለው ይቅደም። ደጋፊዎቻችን ለአንዲት ወጣት የስልጠና ክፍያ ስትሸፍኑ፣ የምትሰጧት ከሙያው በላይ ነው፤ ነገ ስታገባም ሆነ አላገባም ስትል፣ ቃሏ የራሷ እንዲሆን ታደርጋላችሁ።